አንድ ክንድ መጋጠሚያ

ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ሱብሒ መስገድ።
ሁለት ጄሪካን ውኃ መቅዳት።
ባዶ የነዳጅ በርሜል ውኃ ሞልቶ ማሳደር፤ በማግስቱ መቅደድ፣ መዘርጋት፣ በመዶሻ ማቃናት።
ለጭስ ማውጫ የሚሆነውን ቱቦ በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ አግሎ ማጠፍ።
የዛገውን ቆርጦ ማውጣት፤ አዲሱን ለክቶ መግጠም፣ መበየድ።
የጭስ ማውጫውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ደፍኖ ሞተሩን ማስነሣት፤ የሚያፈስ መጋጠሚያ እንዳለ ማየት።
መሣሪያ ቆጥሮ በር መቆለፍ።

ባትላሜራው ከድሩ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ግቢ ውስጥ ይህን ተግባር ዐሥራ አራት ዓመት ሲፈጽም ኖሯል። ሙያውን የተማረው በደሴ ነበር። ያስተማረው ሰው የመኪና ወለል ሲቀይር ብየዳ ያልደረሰበትን መጋጠሚያ በጆንያ ክርና በሬንጅ ይደፍን ነበር፤ በደሴ ብርድ እንዲህ የተደፈነ ወለል ዓመታት ይቆያል። ከድሩ ወደ ቆላ ሲወርድ ይህንንም ልማድ ይዞ ወረደ። የሚሠራቸው መኪኖች ጭስ ማውጫ ከወለላቸው ርቆ የተንጠለጠለ ስለ ነበር የልማዱ ጉድለት ሳይገለጥ ቆየ።

በ1981 ዓ.ም. በግንቦት ወር ባለሱቁ ጣሃ አንድ አሮጌ ፔጆ በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣ። መኪናው ለብዙ ዘመን ጨው ሲጭን የኖረ ነበርና ጨው ወለሉን በልቶታል።

“ይኼ መኪና ነው ወይስ ወንፊት?” አለ ከድሩ ጎንበስ ብሎ እያየ።

“ወንፊት ብፈልግማ ከሱቄ አነሣ ነበር” አለ ጣሃ። “አንተ ወለሉን ሥራልኝ። ጭስ ማውጫውንም ድንጋይ እንዳይመታው ወደ ላይ ሳበው፤ ከወለሉ ጋር አጣብቀው።”

የጣሃ ሚስት ሙስሊማ አብራው መጥታ ነበር። በተቀደደው ወለል በኩል መሬቱን እያየች፣ “ወንድሜ ከድሩ፣ እኅቴ አሳይታ ልትወልድ ነው። እስከ ሰኔ አጋማሽ ካላደረስክልኝ በዚህ ቀዳዳ እግሬን አውጥቼ እየሮጥኩ እሄዳለሁ” አለች። ሦስቱም ሳቁ።

ከድሩ ከአምስት በርሜል ወለል አወጣ። ከተጣለ የውኃ ቱቦ ጭስ ማውጫ አጠፈ፤ ከወለሉ በሁለት ጣት ብቻ አራርቆ አሰረው። ሥራው ሊያበቃ ሲል ለብየዳው ጋዝ የሚሰጠው ካርባይድ አለቀ። ካርባይድ በማኅበር በኩል በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይታደል ስለ ነበር፣ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ክንድ የሚያህል መጋጠሚያ ሳይበየድ ቀረ። ከድሩ የጆንያ ክር ጠቀጠቀበት፤ ሬንጅ አፈሰሰበት። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳይወጣ፣ ቱቦው ሳይግል፣ እንደ ደንቡ በጭስ ፈተነው። ምንም አላፈሰሰም። መኪናውንም አስረከበ፤ ስለ ሬንጁ ግን ለጣሃ አልነገረውም።

በሰኔ ሃያ ባልና ሚስቱ ወደ አሳይታ ተነሡ። ገዋኔን ካለፉ በኋላ አቧራ ተነሣ። ሙስሊማ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ከኋላ ተጋደመች። የጣሃ መስኮት ብቻ መስተዋቱ ጎድሎ ስለ ነበር አልተዘጋም። ራሱን አመመው፤ አቧራው ነው ብሎ ነዳ። ሚሌ ደርሶ የኋላውን በር ሲከፍት ሙስሊማ ሞታለች። ፊቷ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሙቀት ገደላት አለ፤ ጣሃም አመነ። እዚያው ሚሌ ተቀበረች።

ጣሃ በአራተኛው ቀን መኪናውን ወደ ከድሩ ግቢ አስገባ።

“ጭስ ይሸታል” አለ። “እየው።”

ከድሩ ከሥር ገባ። ሬንጁ በጋለው ቱቦ ላይ ቀልጦ ወርዷል፤ የጆንያው ክር ከስሏል። መጋጠሚያው አፉን ከፍቶ፣ በላዩ ሙስሊማ ተጋድማበት የነበረው ወንበር ጨርቅ ይታያል።

አዲስ ካርባይድ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ክፍተቱን በሩብ ሰዓት በይዶ መዝጋትና ዝም ማለት ይቻል ነበር። ቢናገር ግን ቀበሌ ይሰማል፤ ቀበሌ ከሰማ ደግሞ አሻጥር የሚለው ቃል ቅርብ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የፓምፕ መካኒክ በዚሁ ቃል ተወስዶ አልተመለሰም። ከድሩ ሚስትም ልጆችም ነበሩት። ከመኪናው ሥር ሳይወጣ ረጅም ጊዜ ቆየ።

“ተኛህ እንዴ?” አለ ጣሃ።

ከድሩ ወጥቶ ቆመ። “ሙቀት አይደለም የገደላት።”

“ምን?”

“ጭሱ ነው። ከቱቦው ጫፍ ወጥቶ በወለሉ ክፍተት ወደ ውስጥ ተሳበ። ከወንበሩ ሥር አንድ ክንድ አልበየድኩም። ካርባይድ አልቆብኝ በሬንጅ ደፈንኩት። ቀለጠ።”

ጣሃ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ድምፁ አልከፋም። “አለቀ ብትለኝ እጠብቅ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“እሷም ትጠብቅ ነበር። አፏ ነው እንጂ የሚቸኩለው።”

ጣሃ ወደ ቀበሌ አልሄደም። ነገሩን ወደ ሸህ ረዲ ወሰደው። ሸሁ ሁለቱን ለየብቻ ከሰሙ በኋላ አንድ ላይ አስቀመጧቸው።

“ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሁለት ነገር አለበት” አሉ። “ዲያው፣ የደም ካሳው፣ የወራሾቿ ነው፤ ይቅር ማለት ይችላሉ። ከፋራው፣ ማስተሰረያው፣ ግን የአላህ ነው፤ ማንም አይምረውም። ስልሳ ቀን በተከታታይ መጾም ነው። ዐረፋ ይለፍና ትጀምራለህ።”

“ዲያውን እኔም አባቷም ትተናል” አለ ጣሃ። “ጾሙን ግን የምቆጥረው እኔ ነኝ።”

ከድሩ ሐምሌ ዐሥር ቀን ጀመረ። በማይበርደው የባትላሜራ እሳት ፊት፣ የአዋሽ ሙቀት በቆርቆሮው ላይ ሲነድ፣ ምራቁን እየዋጠ መዶሻ ያነሣ ነበር። ምክንያቱን የማያውቁ ሹፌሮች ያፌዙበታል።

“ከድሩ፣ ጨረቃዋ ለአንተ ብቻ ወጣች?”

“ተወው፣ አምና የበላውን እየከፈለ ነው።”

ከድሩ መዶሻውን መልሶ ያነሣል። ጣሃ በየማታው ከመግሪብ በፊት ይመጣል፤ በግቢው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራል፤ ሳይቀመጥ ይሄዳል።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ቱቦ ሲያግል፣ ከድሩ ወደቀ። ሚስቱ ሰኢዳ ሮጣ መጥታ ውኃ አጠጣችው። ሲነቃ በመጀመሪያ ያየው በእጇ የያዘችውን ጣሳ ነበር።

“ዋጥኩ?” አላት።

“ዋጥክ። ባትውጥ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብዬ እቀብርህ ነበር።”

ሸህ ረዲ አመሻሹ ላይ መጡ። “ሕመም ነው፤ ከቆምክበት ቀጥል የሚሉ ዑለማ አሉ። በእነሱ ብትይዝ አልከለክልህም” አሉት።

ከድሩ በሩ ላይ የቆመውን ጣሃን አየ። ጣሃ ግድግዳውን እያየ ነበር።

“አንተስ ምን ትላለህ?” አለው ከድሩ።

“እኔ ሸህ አይደለሁም” አለ ጣሃ። “እኔ የማውቀው አንድ ክንድ መቅረቱን ነው።”

ከድሩ እርጥብ ጨርቅ አስመጣና ሠላሳ ሰባቱንም መስመር ከግድግዳው ላይ ጠረገ። በማግስቱ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስምንት፣ ከአንድ ጀመረ።

ሁለተኛው ጾም ሥጋውን ጨረሰው። ቀበቶው ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳ። ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ አዛወረ፤ ቀትር ላይ ከበርሜሎቹ ጥላ ሥር እየተጋደመ ቆየ። በዚህ መካከል የፔጆውን መጋጠሚያ ከዳር እስከ ዳር በየደው፤ በሬንጅ ደፍኖ ያስወጣቸውን ሌሎች መኪኖችም የሚያገኛቸውን ያህል እያስመጣ ያለ ዋጋ በየደ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም መኪና ቱቦው ሳይግል አልፈተነም። ጣሃ ፔጆውን ወሰደው፤ ግን ሱቁ ጀርባ አቁሞ ሸፈነው እንጂ አልነዳውም።

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን 1982 ዓ.ም. ጣሃ እንደ ልማዱ ከመግሪብ በፊት መጣ። የመጨረሻውን መስመር አሰመረ። ከዳር ጀምሮ ሁሉንም በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ እንደ ገና ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቆጠረ።

“ስልሳ” አለ።

አዛን ተሰማ። ሰኢዳ ውኃ አቀረበች። ጣሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ፤ ከድሩ እስኪጠጣ ድረስ አየው፤ ከዚያም የከሰሉን ስባሪ መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከድሩ ስልሳውን ቀን ሳያቋርጥ ጾመ። የነበረበት ዕዳ በሙሉ ተከፍሏል።