ወንድሜን አትምረጡ ያሉት እመት ላቀች

አላመንኩም። ዛሬ ጧት ከማሕሌት ወጥቼ መቋሚያዬን ሳላስቀምጥ ነው የነገሩኝ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነበር እኮ። ጌሾ ሰፍረውልኝ፣ ከስተሃል ብለው ተቆጥተውኝ ነበር።

ቤታቸው ድረስ ሄጄ አየሁ። እውነት ነው። እመት ላቀች ዐርፈዋል።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከአገር ለራቃችሁት ነው። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው።

ደብረ ታቦር ገበያ የወጣ ሰው ጌሾ ሻጯን እመት ላቀችን ያውቃል። እኔ ግን በደንብ ያወቅኋቸው ስንጣላ ነው።

ጭቃ ሹምነት በእኛ መንደር በየዓመቱ በተራ ነበር የሚያዘው። በዚያ ዓመት ተራው የላይ ቤት ነው፣ የታች ቤት ነው የሚል ክርክር ተነሣና ሽማግሎቹ ሕዝቡ ይምረጥ አሉ። ነገሩ የጋለው ለሹመቱ ክብር አልነበረም። ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩ ስለነበር እንጨትና ድንጋይ የሚያመላልስ ሰው ከየመንደሩ ይፈለጋል። ማን እንደሚሄድ የሚለየው ደግሞ ጭቃ ሹሙ ነው።

ታች ቤቶች የእመት ላቀችን ወንድም አያ ፈንታን አቆሙ። እኛ ላይ ቤቶች አያ ቢተውን። ያን ሰሞን ለቅሶ ቤት እንኳ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር የሚቀመጠው።

እመት ላቀች ጌሾ እየሰፈሩ ለወንድማቸው ይሟገታሉ። አያ ቢተው ከብቱን የባልቴት ገብስ ላይ ለቆ ቆሞ ሲያይ እንደነበር ለገዢው ሁሉ ይናገራሉ። ማን ነገረዎት ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ “ሰምቼ አይደለም፣ አይቼ ነው።”

እኔ የደብሩ ደብተራ ነኝ፤ አፌም አያርፍም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሜ እመት ላቀችን የወንድማቸው ነጋሪት አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ። በሳምንቱ ለማኅበር ጌሾ ልገዛ ስሄድ አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን ስፍሩን ሞልተው ሰጡኝና “ነጋሪት ካልከኝ አይቀር፣ በደንብ ጮክ ልበል” አሉኝ።

ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ወንድማቸው ቤት ለሹመቱ ድግስ ጌሾ ይዘው ሄዱ። ጓሮው ውስጥ የማያውቋቸው ሙክቶች ታስረዋል። አያ ፈንታ ከሁለት ባለጸጎች ጋር ተቀምጦ ወደ ጋፋት የሚላኩትን ስም ይጠራል። ሙክት የሰጠው ሰው ልጅ ስም የለበትም። የባልቴቶቹ፣ የሸማኔዎቹና የጭሰኞቹ ልጆች ግን አሉበት።

እመት ላቀች ወንድማቸውን ለብቻው ጠርተው ጠየቁት። ያንቺን ልጅ አላስነካውም፣ ዝም በይ አላቸው። ታከለ አንድ ልጃቸው ነው። ያን ሳምንት እህል እንዳልቀመሱ በኋላ ከጎረቤታቸው ሰማሁ።

የምርጫው ዕለት ወንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የፈንታ ወዲህ የቢተው ወዲያ ተብሎ ሊለይ ነው። እመት ላቀች ከሴቶቹ መካከል ወጥተው ሽማግሎቹን አስፈቀዱ።

“ወንድሜን ምረጡ እያልኩ የከረምኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ወደ ጋፋት የሚሄደው በሙክት ተለይቷል። የኔ ልጅ ቀርቷል፣ የናንተ ተጽፏል። ቢተውን ዛሬም አልወደውም። ወንድሜን ግን አትምረጡ።”

አያ ፈንታ መሬት መሬቱን አየ። ሰዉ አንድ በአንድ ወዲያ ተሻገረ። ቢተው ተሾመ። እኛ ላይ ቤቶች እልል አልን፤ እኔም አብሬ።

አያ ቢተው መጀመሪያ ወደ ጋፋት የላከው ታከለን ነው። ስለ ባልቴቷ ገብስ የተናገሩትን አልረሳም ነበር። እኔ አወቅሁ፤ ዝም አልኩ። የኛ ሰው ነዋ።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ገበያ ላይ እመት ላቀች አልተቆጡኝም። ስፍሩን እየሞሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ “አንተስ ያንተን ሰው አላየኸውም?” አሉኝ። ጌሾውን ይዤ ሳዘግም መንገዱ አላልቅ አለኝ።

በማግሥቱ በዚያው በደጀ ሰላሙ ቆሜ ያየሁትን፣ አያ ቢተው ታከለን በቂም እንደላከው፣ ተናገርኩ። ላይ ቤቶች ከሃዲ አሉኝ። አክስቴ እንኳ ለፋሲካ አልጠራችኝም። ግን ሽማግሎቹ አያ ቢተውን ያዙትና ከዚያ ወዲህ የሚሄደው ሁሉ በዕጣ ሆነ። ለታከለ አልደረሰለትም። ክረምቱን ድንጋይ ሲጎትት ከርሞ ሁለት ጣቱን አጥቶ ተመለሰ። ዛሬ በዚያው እጁ ያርሳል።

አያ ፈንታ ከዚያ ቀን ወዲህ የእኅቱን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ገበያ ላይ ሲያያቸው በሌላ መንገድ ነበር የሚዞረው። ዛሬ ከቤታቸው ስመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍኩ። መቃብሩን የሚቆፍረው እሱ ነው። ሌሎቹ እናግዝህ ቢሉት ዶማውን አልሰጥም ብሏል።

እመት ላቀች፣ ያን ዕለት ልጅዎን አሳልፈው ሰጥተው ሲናገሩ እኔ ወገኔ አሸነፈ ብዬ ነበር የጨፈርኩት። ይቅር ይበሉኝ ልልዎት ስንት ቅዳሜ መጣሁ። ሁልጊዜ ጌሾ ብቻ ገዝቼ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ፍትሐትዎ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ድምፄ ቢሰበር ይታገሡኝ፤ እስከ መጨረሻው አደርሰዋለሁ። ደኅና ይግቡ፣ እመቴ።