የብርድ ልብስ ነጋዴው ቡድን የመጨረሻ እሁድ

ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ የፈጠረው ሰው ሥራ ፈት እንደነበር አልጠራጠርም። እንጀራውን ለማግኘት የሚሯሯጥ ሰው፣ ጠዋት ተጀምሮ ወደ ማታ የሚያልቅ፣ መሀል ላይ ለሻይ የሚቋረጥ፣ አሥራ አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ተገትሮ ሁለት ሰው የሚጠብቅበትን ነገር ጨዋታ ብሎ አይጠራውም። እኛ አገር ይህ የቀበሌ ጉዳይ ይባላል፤ እዚያም ቢሆን ነጭ ሱሪ አይለበስለትም።

እኔ ግን ለብሻለሁ። በኮሮናው ዘመን፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ለአንድ እሁድ ብቻ፣ በልኬ ያልተሰፋ ነጭ ሱሪ ለብሼ ሜዳ ገብቻለሁ።

ያስገባኝ የብርድ ልብስ አከፋፋዩ ነው። ሜይፌር ሰፈር ከምኖርበት ቤት ጀርባ መጋዘን ነበረው፤ ጄፒ የሚባለው ሰፈር ለነበረችው ሱቄ ዕቃ የምወስደው ከእሱ ነው። አያቱ ከህንድ የመጡ፣ እሱ ግን ከጆሃንስበርግ ወጥቶ ማደር የማይወድ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አንድ ቀን ብርድ ልብሴን ስጭን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ማይ ብራዘር፣ ኢትዮጵያዊ ነህ አይደል?»

ለዓመታት ደንበኛው ነበርኩ። «ነኝ» አልኩት።

«እናንተ ትሮጣላችሁ አይደል?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኛን ነጋዴዎችን ከሚያሳድደው የከተማው ሜትሮ ፖሊስ በስተቀር ከማንም ሮጬ አላውቅም። ግን የአገር ስም ነውና «በደንብ እንጂ!» አልኩ። በዚያች አንድ ቃል የክሪኬት ተጫዋች ሆንኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ማለት ይህ ነው። የቡድኑ ግማሽ በኮሮና ታሞ፣ ግማሹ ኮሮናን ፈርቶ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሰውየው አሥራ አንድ መሙላት አቅቶት ነበር።

ቡድኑ በዚያ የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ተጋጣሚያችን የቧንቧ ሠራተኞች ቡድን ነበር፤ እነሱም እንደኛው ሲሸነፉ ከርመው፣ አንዴ ብቻ፣ ያውም የሚገጥማቸው ቡድን መኪናው ተበላሽቶበት ሳይመጣ ቀርቶ፣ ነጥብ አግኝተዋል። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል! ሆኖም የከተማው አስተዳደር መምረጥ ነበረበት። ሁለቱ ቡድኖች የሚጋሩት ሜዳ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለአንዳቸው ብቻ እንዲሰጥ ተወስኗል። ካሸነፍን ሜዳው የእኛ ነው። ከተሸነፍን ሜዳም ቡድንም የለም። ጨዋታው በዝናብ ከተሰረዘ ደግሞ፣ በዚያች በተበላሸች መኪና ነጥብ ምክንያት ሜዳው ለቧንቧ ሠራተኞቹ ይሄዳል።

«ታዲያ ቢፈርስ ምን አለበት?» አልኩት፤ ያፌን የማላስቀር ሰው ነኝ። «እሁድህን ተኝተህ ታሳልፋለህ።»

የአንድ የብርድ ልብስ እስር ገመድ ቆረጠ። ከዚያ ነገረኝ። ቡድኑን የመሠረቱት አባቱ ናቸው። ደህና ደህናው ሜዳ ሁሉ የነጮች በነበረበት ዘመን፣ ከወርቅ ማዕድኑ የአፈር ቁልል ሥር ያለውን ጭንጫ ቦታ ከጓደኞቻቸው ጋር ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመው ሜዳ አደረጉት። ኮሮና በገባበት ዓመት እናቱ ሞቱ፤ አምቡላንስ ውስጥ እንደ ገቡ ዳግመኛ አላዩአቸውም። ከዚያ ወዲህ አባቱ በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ልጅየው የሚሠራው ሰው ሲገባ ሲወጣ በሚውልበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አጠገባቸው አይደርስም። ምግባቸውን የአጥሩ በር ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። እሁድ እሁድ ማታ ግን እዚያው በር ላይ ቆሞ የዕለቱን ጨዋታ ከመጀመሪያው ኳስ እስከ መጨረሻው ይተርክላቸዋል። አባትዬው ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ፣ ይሳደባሉ፣ ምክር ይሰጣሉ።

«ስለ እናቴ ማውራት ሞክረን አቃተን» አለኝ። «የቀረን ክሪኬት ብቻ ነው። ቡድኑ ከፈረሰ እሁድ ማታ በሩ ላይ ቆሜ ምን እላቸዋለሁ?»

አፌን ዘጋሁ። አልፎ አልፎ ይሳካልኛል።

ልምምዴ እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ክምር መካከል ነበር። አከፋፋዩ ሲሚንቶው ላይ በኖራ መስመር አሰመረ።

«ከዚህ መስመር ጀርባ እስካለህ ማንም አይነካህም» አለኝ። «ኳሷ በእነሱ እጅ ሳለች ከመስመሩ ከወጣህ ግን፣ ከኋላህ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳሷ ይመቷቸዋል፤ ያኔ ከጨዋታው ወጣህ፣ አለቀልህ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ።»

«ገባኝ» አልኩ። አበሻ ያልገባውንም ገባኝ ይላል፤ ይህ ግን እውነትም ገብቶኝ ነበር።

የኮሮናው ደንብ ጨዋታውን ይበልጥ አሳምሮታል። ተመልካች መግባት አይችልም፤ ድሮም የሚገባ ስላልነበረ ይህን ማስከበር አላስቸገረም። ኳሷ በየጊዜው በሳኒታይዘር ትታጠባለች። ለሻይ ተብሎ በሚቋረጥ ጨዋታ ላይ ሻይ በጋራ መጠጣት ተከልክሎ፣ ሁሉም ፔርሙሱን ታቅፎ መኪናው ውስጥ ለብቻው ይጠጣል። እጅ መጨባበጥማ ወንጀል ሆኗል፤ ሰላምታው በክርን ነው። ዳኛ ስለጠፋ የእኛው ቡድን አባል የሆነ፣ ጉልበቱን የሚያመው ጠበቃ ዳኛ ሆነ። የቧንቧ ሠራተኞቹ አልተቃወሙም። ሰውየው ሐቀኛ ጠበቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አሮጌ መኪናውን ያየ ሁሉ ያምናል።

መጀመሪያ ኳስ የመምታቱ ተራ የእነሱ ነበር። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ እኔ ወደ ሌላ ቦታ እየሄድኩ የድርሻዬን ተወጣሁ። እነሱም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረዱም፤ አንዱ ኳሷን ስቶ የራሱን እንጨቶች በመምቻ ዱላው መታ።

የጆሃንስበርግ የኅዳር ዝናብ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከምሳ በኋላ ይገባል፣ ጥቂት ይጮሃል፣ ደስ ባለው ሰዓት ይወጣል። የእኛ ተራ ሊጀመር ሲል ገባ። የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ልማድ ሆኖብኝ «ተመስገን» አልኩ። አከፋፋዩ ቃሉን ባያውቀውም ፊቴ ላይ ያለውን ደስታ አየ። እንዲያ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም፤ የመኖሪያ ወረቀቴን የማሳድስበት መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ እንኳ ትሻላለች። እኔም ያኔ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝናብን በክፉ ዓይን አየሁት።

መብረቁ ሲያልፍ ሜዳው ኩሬ ሆኖ ነበር። የቧንቧ ሠራተኞቹ አለቃ የመኪናውን መስኮት አውርዶ «ያሳዝናል ብራዘር፣ በዚህ ላይ መጫወት አይቻልም» አለ። ኀዘኑ ጥርሱን ሁሉ አሳየን።

አከፋፋዩ ጀርባውን ሰጠው። ወደ ቫኑ ሄዶ በሩን ከፈተና አዳዲስ ብርድ ልብሶች ከነላስቲካቸው አወረደ፤ ነብር የተሳለባቸው፣ ወፋፍራሞቹ፣ እኔ ብርድ ሲመጣ ተሻምቼ የምገዛቸው ዓይነት። ላስቲካቸውን ቀዶ ውሃው ላይ ዘረጋቸው። ነብሮቹ ላይ ወጥተን ረገጥናቸው፣ አነሳናቸው፣ ጠመዘዝናቸው፣ መልሰን ዘረጋናቸው። ውሃ ማስወገድ ሙያቸው የሆነ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ያዩናል።

«እርዱን እንጂ!» አልኩ።

«እሁድ ነው» አለኝ አንዱ። «የእሁድ ሂሳባችን እጥፍ ነው።»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ክሪኬት ላይ ግን ሁሉም ጌታ ነው፣ ሁሉም ይቆጣል። ሜዳው ደረቀ፣ አልደረቀም በሚል ተጯጯሁ። በመጨረሻ ጠበቃው ጫማውን አውልቆ በካልሲው ሄደበት፤ ካልሲው ብዙም ስላልራሰ እንጫወት አለ። ሰዓቱ ስለሄደ ጨዋታው ማጠር ነበረበት። በቀሩን ጥቂት ኳሶች ስንት ሩጫ ማግባት እንዳለብን ለመወሰን ስልካቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ፤ ባሕረ ሐሳብ ከዚያ ስሌት ይቀላል።

ስሌቱ ያወጣው ቁጥር ትንሽ ነበር። እኛ ግን ከዚያም የምናንስ ሆንን። የእኛ ሰዎች አንድ በአንድ እየወጡ አለቁና የመጨረሻው ሰው እኔ ገባሁ፤ እኔ ከወጣሁ ጨዋታው አበቃ ማለት ነው። ከወዲያኛው ጫፍ የቆመው አከፋፋዩ ነበር፤ ነጭ ልብሱ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። ለማሸነፍ ሦስት ሩጫ ቀርቶናል። ሁለታችን አንድ ጊዜ ቦታ ስንለዋወጥ አንድ ሩጫ ነው።

«ስመታት ሩጥ» አለኝ። «ሌላ ምንም አታድርግ።»

መታት። ሮጥኩ። ሜትሮ ፖሊስ ከኋላዬ ያለ ያህል ሮጥኩ፣ መስመሩን አለፍኩ፣ ቆምኩ። ሁለት ብቻ ቀረ፣ ኳስም ገና አለን። ጭቃ ውስጥ ገብታ የነበረችውን ኳስ አንዱ አንስቶ፣ ከእኔ ጀርባ እንጨቶቹ ዘንድ ለሚቆመው ሰው በቀስታ ወረወረለት። እውነት ለመናገር፣ የምንተርፍ መሰለኝ።

ቀና ስል አንድ ሽማግሌ በሜዳው መሀል ወደ እኛ ሲመጡ አየሁ። ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል፣ ሁለት ማስክ ደርበዋል፣ ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተውታል። አይቻቸው አላውቅም፤ ግን አረማመዳቸው የልጃቸው ነው። በኋላ እንደ ሰማሁት ሁለተኛውን ክትባት ወስደው፣ ለልጃቸው ሳይነግሩ፣ ጎረቤት ለምነው ነው የመጡት። የቧንቧ ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ወደ ኋላ አለ። አንዱ ከሩቅ ክርኑን አነሳላቸው። መሬቱን እያዩ፣ እርጥበቱን በጫማቸው እየነካኩ መጡና ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቀው ቆሙ። ማንም አልቀረባቸውም።

እንግዲህ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሽማግሌ ሲመጣ ተቀምጦ የቀረ ልጅ በኩርኩም በሚማርበት ቤት ነው። ጭንቅላቴ ስለ ክሪኬት ሲያስብ እግሬ ስለ ክሪኬት አልሰማም ነበር። ቆቤን አወለቅኩ፣ ዱላውን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ «ኖር!» ብዬ ከመስመሩ ወጣሁ፤ ጎንበስ ብዬም እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ተመለስ!» ብሎ አከፋፋዩ ሲጮህ ሰማሁ። «መስመሩ! መስመሩ!»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁለት እርምጃ ዘልዬ መመለስ እችል ነበር፤ ከኋላዬ ያለውም ሰው ገና ግራ ተጋብቶ ነበር። እጄን ሳብ አደረግኩ። ሽማግሌው አልለቀቁኝም። ጭራሽ ጃንጥላቸውን ጥለው በሌላውም እጃቸው ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፣ አጥንት ብቻ፣ ግን ጥብቅ አድርገው ነው የያዙኝ። ከማስኩ በላይ ዓይናቸውን አየሁ። ባለቤታቸው በአምቡላንስ ከሄዱ ወዲህ ሰው ነክቷቸው እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። እጄን መሳብ ተውኩ።

ከኋላዬ እንጨቶቹ ሲወድቁ ተሰማ። የቧንቧ ሠራተኞቹ ጮኹ።

ጠበቃው ጣቱን አነሳ፣ አወረደ፣ ዙሪያውን አየ። «ከውጭ ሰው ወደ ሜዳ ከገባ... በመርህ ደረጃ ጨዋታው እንደቆመ ሊቆጠር...» ብሎ ጀመረ። በዕድሜው ሙሉ ሐቀኛ ሆኖ ኖሮ፣ መዋሸት በሚያስፈልገን ቀን አላወቀበትም።

«ወጥቷል» አሉ ሽማግሌው፣ እጄን እንደያዙ። «ጨዋታው አልቆመም ነበር። ልጁ ወጥቷል።»

ድንጋዩን በእጃቸው የለቀሙለት ሜዳ በዚህ ፍርድ ተወሰደ። የቧንቧ ሠራተኞቹ ተቃቀፉ፤ የኮሮና ደንብም አብሮ ፈረሰ።

አከፋፋዩ ዱላውን እየጎተተ መጣ። ይቅርታ ብለው እንኳ፣ ለምን እንዲህ አደረግክ ቢለኝ በእንግሊዝኛ የማስረዳው ነገር አይደለም። ደረሰና፣ ሁልጊዜ በሩ ላይ እንደሚያደርገው፣ ከአባቱ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ፓፓ» አለ። «ቡድኑ አለቀ። ከእንግዲህ የምነግርዎት ነገር የለኝም።»

«አየሁት እኮ» አሉት ሽማግሌው። «እናትህ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር።»

ከዚያ የእኔን እጅ ለቀው እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። አከፋፋዩ የመምቻ ጓንቱን ሊያወልቅ ታገለ። በዝናብ ርሶ፣ በጭቃ ተጣብቆ እምቢ አለው። በመጨረሻ በጥርሱ ነክሶ ጎትቶ አወለቀው።