ለምስጋናው ፈቃድ ፍለጋ

ቅዳሜ የክሊኒካችን አዲስ ሕንፃ ሊመረቅ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከሲያትል ተነሣን። ክሊኒኩ የቆመበትን መሬት ነባር ባለቤቶች፣ ማለትም ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚሁ የኖሩትን ሕዝቦች፣ የሚያመሰግን አንድ አንቀጽ በምረቃው ንግግር ውስጥ ገብቷል። አስተርጓሚ ነኝና በአማርኛ የማነበው እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱማ አላነብም ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ልክ ነሽ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉኝ የታካሚዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ። የዕለቱን የታክሲ ሥራ ትተው አብረውኝ ወጡ።

ወደቡ

ወደ ማዶ የሚያሻግረው መርከብ ለመኪና ብዙ ስለሚያስከፍል ታክሲውን ፓርክ አድርገን በእግራችን ገባን። ካፊያ ነበር። ጋሽ ደምሴ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፈው፣ አዲስ ሙሽራ ሊጠይቁ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።

ማዶ

አውቶቡሱ በጥድ ደን መሀል አልፎ ወይዘሮ ሩት ደጅ አወረደን። ከነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች አንዷ ናቸው፤ አንዲት ነርስ ናት በስልክ ያገናኘችን። የሳልሞን ሾርባ አቅርበው «ተቀመጡ» አሉን።

ጋሽ ደምሴ በሽማግሌ ወግ ቆመው ቀሩ። «ሶ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በያቸው።»

ተረጎምኩ።

«እኔ ቤት ደግሞ ሾርባ ሳይቀምሱ ጉዳይ የለም» አሉ ሴትዮዋ፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው።

ሁለቱ ተፋጠጡ። ሾርባው ሊበርድ ሆነ፤ እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ጋሽ ደምሴ በመጨረሻ ተረቱና ሁለት ሳህን ጠጡ። ከዚያ አንቀጹን ለወይዘሮ ሩት አነበብኩላቸው።

«ያምራል። ብታመምስ ታክሙኛላችሁ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ዛሬውኑ አብሬያችሁ ልሂድ። ጉልበቴ ከታመመ ቆየ።»

ክሊኒኩ

ከሰዓት በኋላ ካርድ ልናወጣላቸው ቀረብን። ፀሐፊዋ አድራሻቸውን አይታ፣ «ከምናገለግለው ክልል ውጭ ናቸው፤ አይቻልም» አለች።

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ።

«መመሪያ ነው። ከምረቃው በኋላ እናየዋለን» አለኝ።

«ምስጋናውም ከምረቃው በኋላ ይነበባላ! በገዛ መሬታቸው ላይ ‹ከክልል ውጭ› እያልን ልናመሰግናቸው ነው? እኔ አላነብም።»

«እኔም ኮሚቴውን ይዤ እቀራለሁ፤ ኦኬ?» አሉ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ።

ኃላፊው በበሩ በኩል አየ። ወይዘሮ ሩት ጉልበታቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን አነሣ፤ ካርዱ እንዲወጣ አዘዘ። ለሐሙስም ቀጠሮ ተያዘላቸው።

ቤት

ጋሽ ደምሴ ሴትዮዋን መርከቡ ድረስ ሸኝተው እኔን ቤቴ አደረሱኝ። ከጉዞው አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ለማመስገን አፍ ይበቃል፤ በር ለማስከፈት ግን መጣላት ሳያስፈልግ አይቀርም። ጫማዬን ሳወልቅ ነው የሄድንበት ጉዳይ መልስ አለማግኘቱ ትዝ ያለኝ። ደነገጥኩና ደወልኩላቸው።

«ወይዘሮ ሩት፣ ቅዳሜ ልናመሰግንዎት ይፈቅዱልናል?»

«ሐሙስ ዶክተሩ ይየኝ» አሉ። «ከእሱ ስወጣ እነግርሻለሁ።»