ፍርድ ቤት የሰረዘው የማገዶ ዕዳ

ሲልቪ ሄይኪላ በዚህ ዓለም ላይ አልለቅም ብላ የሙጥኝ ያለችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ፍርድ ቤት ከጫንቃዋ ያወረደላት የማገዶ ዕዳ ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሸክም ሲወርድለት ትከሻውን አሻሽቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ እርሷ ግን ጎንበስ ብላ መልሳ ተሸከመችው። ተሸከሚ ብሎ ያዘዛት አልነበረም፤ አውርጂው ብለው የለመኗት ግን ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው ከጣሪያ ነው። ኒቫላ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሱፔሪየር ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ የመዳብ ጉድጓዶቿ ከተዘጉ ወዲህ የቀራት ሀብት በረዶ ብቻ ነው። በዚያ አገር ሰው የሚመዘነው በጣሪያው ነው። ሁለተኛው ውሽንፍር ሳይደርስ የፊተኛውን በረዶ በአካፋ ጠርጎ ያላወረደ ሰው፣ እንደ ሰካራም ይታማል። ሲልቪ በዋናው መንገድ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ነበራት፤ በዚህ ነገር ታምታ አታውቅም ነበር። በአንድ የገና ሰሞን ግን የታዘዘችው ዳቦ በዛባትና በረዶውን «ነገ አወርደዋለሁ» ብላ ተወችው። በማግስቱ ጣሪያው ራሱ ወረደ። የመድን ድርጅቱም ነገሩን መርምሮ «በቸልተኝነት የደረሰ ጉዳት ነው» አለና እጁን ሰበሰበ።

ሲልቪ ጣሪያውንና ግድግዳውን መልሳ ለማቆም በአንድ ክሬዲት ካርድ ተበደረች። የዚያን ወለድ ለመክፈል ሌላ ካርድ አወጣች፤ ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን ጠራ። ዕዳ እንደዚህ ዓይነት ዘመድ ነው፤ አንዱ ከገባ ወገኑን ሁሉ አስከትሎ ይገባል። ሁለት ክረምት ከታገለች በኋላ ጠበቃ ዘንድ ሄዳ መክሰሯን በፍርድ ቤት ለማስታወቅ ተገደደች። ጠበቃው «ያለብሽን ዕዳ ሁሉ ንገሪኝ፤ አንድ ሰው እንኳ ብታስቀሪ ጉዳዩ ይበላሻል» አላት። ባንኮቹን ነገረችው፤ የካርድ ኩባንያዎቹን ነገረችው፤ የጨረሰች መስሎት ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ኡርሆ ሳልሚ የሚል ስም ጠራች።

ኡርሆ እንጨት ቆራጭ ነው። በየመስከረሙ ለመጋገሪያው ምድጃ የሚሆን እንጨት ፈልጦ ያመጣል፤ ከጓሮዋ ይደረድርና ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይሄዳል። ክፍያው በጸደይ፣ የሐይቁ በረዶ ከተሰበረ በኋላ ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፣ ወለድ የለ፤ አባቱም ለአባቷ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ያን ዓመት ግን በገንዘቡ ፈንታ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ደረሰው፤ ከእንግዲህ ከሲልቪ ሄይኪላ ላይ ገንዘብ መጠየቅ በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ። ኡርሆ አነበበው፤ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። በመንገድ ሲያገኛትም እንደ ቀድሞው ባርኔጣውን ነካ። በዚያው ጸደይ ግን ሲልቪ ከፖስታ ቤት ስትወጣ፣ የኡርሆ ግንድ መጎተቻ ትራክተር በባዕድ መኪና ላይ ተጭኖ ሲያልፍ አየች። ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ ተመለከተችው። ማንም ምንም አልነገራትም፤ እርሷም ማንንም አልጠየቀች።

መጋገሪያው ከተሸጠ በኋላ በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ተቀጠረች። ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ጨው የሌለበት ገንፎ ታገነፋለች፤ ድንች ትፈጫለች፤ ከሰዓት በኋላ እግሮቿ የሌላ ሰው እስኪመስሏት ድረስ ትቆማለች። ከደመወዟ ላይ በየወሩ ጥቂት ታነሣና ከፋፍላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኡርሆ ቤት ይዛ ትሄዳለች። ቅዳሜ የሳውና ቀን ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች አስቀድመው በኡርሆ የእንፋሎት ቤት ይታጠባሉ፣ ወንዶቹ ይከተላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘቡን ስትሰጠው ኡርሆ ከደጅ ባለው አግዳሚ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያውን ይስል ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት።

«የእንጨቱ።»

«እንዳልጠይቅሽ ፍርድ ቤት ከልክሎኛል እኮ።»

«መች ጠየቅኸኝ? ዝም ብለህ ያዝ።»

«ሴትዮ፣ ልታሳስሪኝ ነው እንዴ?»

«ከታሰርክ ዳቦ አመጣልሃለሁ» አለችና ገንዘቡን ከመቀመጫው ላይ አኑራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገሩም። ገንዘቡን ከመቀመጫው ላይ ታኖራለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ የለም።

የከሰረ ሰው ስም በከተማው አፍ ሲጠፋ አንድ ጥፋት ነው፤ በአበዳሪዎቹ መዝገብ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነው። ያን ሁለተኛውን ስም በማቅናት የረዳቻት ማርሲ ቦሼ ነበረች። ማርሲ የከተማው ብድርና ቁጠባ ማኅበር ሠራተኛ ናት፤ በልጅነቷ ከሲልቪ መጋገሪያ ትኩስ ዳቦ እየገዛች ቤት ሳትደርስ ትጨርስ ነበር። ሲልቪን አስቀምጣ፣ ሰው ተበድሮ በወቅቱ በመለሰ ቁጥር ነጥብ እንደሚያገኝ፣ የሲልቪ ነጥብ ግን ከወለል በታች መውደቁን አስረዳቻት። ከዚያም በራሷ በሲልቪ ገንዘብ መያዣነት የሚሰጥ አንድ ትንሽ ካርድ አወጣችላት።

«ይኼ ስምዎን ያቃናልዎታል። በደንብ ይያዙት» አለቻት።

ሲልቪ በደንብ ያዘችው። ወደ ቤቷ ወስዳ በፕላስቲክ ጠቀለለችና ከፍሪዘሩ ግርጌ፣ ከሰማያዊ እንጆሪዎቹ ሥር ቀበረችው። በወላጆቿ ቤት ጨዋ ሰው ማለት የማይበደር ሰው ነበር፤ ስለዚህ ካርዱን አለመንካት ከሁሉ የበለጠ የንስሓ ማስረጃ መሰላት። ዓመት ሲሞላው አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ማርሲ ተመለሰች።

«አንዲት ሳንቲም አልተበደርኩም» አለች።

ማርሲ ኮምፒውተሩን አየች፤ ከዚያ ሲልቪን አየች። «ካርዱ የት ነው ያለው?»

«ፍሪዘር ውስጥ።»

«ፍሪዘር ውስጥ? ወይዘሮ ሄይኪላ፣ ሥጋ መሰልዎት እንዴ? ሳይሠራበት ስለከረመ ሰጪዎቹ ዘግተውታል።»

«በመታገሤ ነው የዘጉብኝ?»

«እነሱ ትዕግሥት የሚባል አያውቁም። የሚያውቁት የሚበደርና የሚከፍል ሰው ብቻ ነው። የማይበደር ሰው ለእነሱ የሞተ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ከሞትኩ ቆይቻለሁ» አለች ሲልቪ፤ ለቀልድ ያለችው ቃል ከአፏ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም።

እንደገና ጀመሩ። ሲልቪ በአዲሱ ካርድ ሳምንት ሳምንት ቤንዚን እየቀዳች፣ የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ሳታዘገይ መክፈልን ተማረች። በኪሷ ገንዘብ እያለ በብድር መግዛት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደማፏጨት ያህል ያሳፍራት ነበር፤ ቢሆንም አደረገችው። ነጥቧም ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ፣ እየተነፈሰ ወጣ።

ተከራይታ የምትኖርበት ትንሽ ቤት የትሬሎር ነበር። ትሬሎር ሚስቱ የሞተችበት የቀድሞ የማዕድን መሐንዲስ ነው፤ ባለፈው የካቲት በሯን አንኳኩቶ፣ አሪዞና ወዳለችው ልጁ ሊሄድ መሆኑን ነገራት።

«ቤቱን እሸጠዋለሁ» አላት። «የቺካጎ ሰዎች በሞተር መንሸራተቻ በረዶ ላይ ሊጫወቱ ለሚመጡ እንግዶች ሊያከራዩት ይፈልጋሉ፤ የሚሰጡኝም ካንቺ የበለጠ ነው። ግን አንቺ ኖረሽበታል። ልትገዢው ከቻልሽ በረዶው ከሐይቁ ላይ እስኪለቅ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አትቀየሚኝ፤ ወገቤ ሌላ ክረምት አይችልም።»

በኒቫላ ሌላ የሚከራይ ቤት አልነበረም፤ ባዶ የነበረው ሁሉ በእንግዶች ተይዟል። ቤቱን ካጣች ከተማዪቱን ለቃ ማርኬት ወደምትባለው ትልቅ ከተማ መውረድ፣ ሥራዋንም መተው ሊሆንባት ነው። ስለዚህ ለቤት ብድር አመለከተች። ማርሲ ነጥቧን አወጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ከሚፈለገው ልክ በላይ ሆኖ ነበር። ሲልቪ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ የማእድ ቤቱን መስኮት እንደ ባለቤት ከፍታ ዘጋችው። ደስታዋ ግን ድካም የተቀላቀለበት ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ማርሲ ደወለችላት። ብድሩን የሚያጸድቁት ገምጋሚዎች በሌላ ከተማ የተቀመጡ፣ ሲልቪን በዓይን አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በየወሩ ከሒሳቧ በጥሬው የሚወጣ ገንዘብ አይተው ምንነቱን ጠየቁ።

«ለኡርሆ የምሰጠው ነው» አለች ሲልቪ፣ በማግስቱ ከማርሲ ፊት ተቀምጣ።

«የማገዶው? እሱ እኮ ተሰርዟል።»

«አውቃለሁ።»

ማርሲ ግንባሯን በመዳፏ ደገፈች። «ስሙኝ። ዕዳ ነው ካልን ከወር ገቢዎ ላይ ይቀነሳል፤ ያን ጊዜ ለጥቂት ይጎድልብዎታል፤ ብድሩ አይወጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለማንም የግል ዕዳ የለብኝም ብለው ይፈርሙና፣ ክፍያውን ያቁሙ። ውሸት አይደለም። የለብዎትም ያለው ሕጉ ራሱ ነው።»

«ላስብበት» አለች ሲልቪ።

ወሬ በኒቫላ ከመኪና ይቀድማል። በዚያው ሳምንት ኡርሆ ከመጦሪያው ወጥ ቤት ጓሮ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ባርኔጣውን ያወለቀበት ቀን ብርቅ ነው።

«ፈርሚ» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«ትሬሎር። እሱ ደግሞ ከፀጉር አስተካካዩ ሰማ። ፈርሚና ቤትሽን ያዢ። እኔ ይቅር ብያለሁ። ከፈለግሽ እኔም እፈርማለሁ።»

«ትራክተርህን ለምን ሸጥክ?»

ኡርሆ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ፊቱን አዞረ። «አሮጌ ነበር።»

«ጎማው አዲስ ነበር፣ ኡርሆ።»

«አንቺ የሰው ጎማ መቁጠር ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርሽው?» አለ፤ ከዚያም ድምፁ ተለወጠ። «አየሽ፣ እኔንም ደከመኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ገንዘብ ከመቀመጫው ላይ ሳነሣ ከልጅ አፍ የነጠቅሁ ይመስለኛል። ቤት አጥተሽ ማርኬት ብትወርጂ ሰው የሚለው የኡርሆ እንጨት አባረራት ነው። ለእኔ ስትዪ ተዪው።»

«ያነሣኸውን ምን አደረግኸው?»

«በላሁታ። ምን ላደርገው ኖሯል? በመጀመሪያው ክረምት የምበላው አልነበረኝም።»

ይህን ከተናገረ በኋላ እንዳልተናገረ ሊሆን ሞከረ፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ «ግትር በቅሎ» ብሏት ሄደ። ሲልቪ ከበሩ ላይ ቆየች። ከውስጥ ምጣድ ተቃጠለ ብለው እስኪጠሯት ድረስ አልገባችም።

ቤቱን ትፈልገው ነበር። ይህ ሊሰወር አይገባም። በሚቀጥሉት ሌሊቶች በእንቅልፏ መካከል እየነቃች ለጣሪያው፣ ለመስኮቱ፣ ከደጁ ለቆመችው የቼሪ ዛፍ አሰበች። የሚጠየቀው አንድ ፊርማ ነው፤ ሕግም ከእርሷ ጋር ነው፤ አበዳሪውም ገንዘቡ ይቅርብኝ ብሏል። የሚቃወማት ከራሷ በቀር ማንም አልነበረም። ከራስ ጋር መሟገት ደግሞ ዳኛ የሌለው፣ መዝጊያ የሌለው ክስ ነው፤ ጠዋት ስትነሣ ካለፈው ማታ የበለጠ ደክሟት ትነሣለች።

በግንቦት መጀመሪያ የሐይቁ በረዶ እየተሰነጠቀ ያጓራ ጀመር። ትሬሎር ዕቃውን በሣጥን ማሸግ ጀመረ። ማርሲም ከዚህ በላይ ማቆየት እንደማትችል አስታወቀቻት። ሲልቪ የወጥ ቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሄዳ ከፊቷ ተቀመጠች። ማርሲ ወረቀቱን ወደ እርሷ ገፋ አደረገችና ብዕሩን ከላዩ አኖረች።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው» አለቻት፣ በጣቷ እያመለከተች። «ከዚያ ሁላችንም እናርፋለን።»

ሲልቪ ብዕሩን አነሣች፤ ክዳኑን ገጥማ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንዲህም አለች፦

«ማርሲ ልጄ፣ ካርዱን ተጠቀሚበት ስትዪኝ ተጠቀምኩ። ተበደሪና ክፈዪ ስትዪኝ፣ ገንዘብ በኪሴ ይዤ ቤንዚን በብድር ቀዳሁ። ነጥቤ ሲወጣም ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ግን ኡርሆ እንጨቱን ሲደረድርልኝ ነጥብሽ ስንት ነው አላለኝም። ፍርድ ቤቱ የሱን ዕዳ ከካርድ ኩባንያዎቹ ጋር በአንድ እስክሪብቶ ሰረዘው፤ እሺ፣ እነሱ አያውቁትም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በኔ እጅ አይሰረዝም። እሱ ይቅር ማለት ይችላል፤ መብቱ ነው። መክፈል ደግሞ የኔ መብት ነው። ዕዳ አለባት ብለሽ ጻፊ፤ ስሙንም ኡርሆ ሳልሚ ብለሽ ሙሉውን ጻፊ። ቆጥረውኝ ከበቃሁ ቤቱን ይስጡኝ። ካልበቃሁ ማርኬት እወርዳለሁ፤ ከማርኬትም አውቶቡስ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እከፍላለሁ።»