የአየዮ ሻሚስ ጣሪያና የሲሃም መሐላ

ሲሃም ዳሂር የድሬዳዋዋ መጋላ ሰፈር ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሳ የክረምቱን የበጎ ፈቃድ ዘመቻ የተቀላቀለችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለምስክር ወረቀቱ ብላ ነው። አትፍረዱባት፤ አስተባባሪዎቹም የመጡት ለፎቶው ነው። እስከዚያ ድረስ ያበረከተችው በጎነት ቢደመር ይህን ያህል ነበር፦ አምና ችግኝ በተተከለበት ጉድጓድ ዘንድሮም ተክላለች፤ ደም ልገሳ ላይ ዕድሜዋ ስላልፈቀደ ለለጋሾች ብስኩት አድላለች፤ አንድ ቀን ሙሉ በዚያ በድሬ ፀሐይ ባነር ይዛ ቆማለች። ከኋላ ስለያዘችው የባነሩ ጽሑፍ ምን እንደሚል አታውቅም። ጠይቃም የሚያውቅ አላገኘችም።

ነሐሴ ላይ የአረጋውያን ቤት እድሳት መጣና ዕጣው ለአየዮ ሻሚስ ወጣ። አየዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ኦሮሞውም ሐረሪውም፣ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ባልቴቷ ግን እንቢ አሉ። ጣሪያዬ የት የት እንደሚያፈስ አውቃለሁ፣ እሱም የት እንደምተኛ ያውቃል፣ ተስማምተን ነው የምንኖረው አሉ። ኮሚቴው ስለ ተሳትፎና ስለ ትውልድ ግንባታ ንግግር አደረገላቸው። በትዕግሥት ሰሙና እንቢታቸውን ደገሙ። በመጨረሻ ያሳመነቻቸው ሲሃም ናት። አጠገባቸው ተቀምጣ፣

«አየዮ፣ ዋላሂ አሮጌው ቆርቆሮ በተነሣበት ቀን አዲሱ ይገባል። ሰማይ ሥር አያድሩም» አለቻቸው።

መጋላ ውስጥ ዋላሂ ተብሎ የሚቀለድ ቀልድ የለም። አየዮ ሻሚስ ልጅቷን አተኩረው አዩዋትና ፍራሻቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ተማሪ በአንድ ዓይነት ቲሸርት መጥቶ አሮጌውን ቆርቆሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ አወረደው። ማፍረስ መቼም ሥልጠና አይፈልግም። ፎቶ ተነሡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ጭብጨባ ሆነ። ኮሚቴው ያባዛው መርሐ ግብር «ከሰዓት በኋላ፦ ቆርቆሮ የማልበስ ሥራ» ይላል። ይህን የጻፉት ሰዎች ከሌላ አገር የመጡ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ድሬ ተወልደው እዚሁ ጫት የሚቅሙ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር ድሬ ላይ በወረቀት እንጂ በምድር እንደሌለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ወረቀት ሲይዙ ሁሉም ያልቃመ ሰው ይሆናል። ስድስት ሰዓት ሲሆን አናጺው አው ሸረፈዲን መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ በርጫቸው፣ ወደ ጫት መቃሚያቸው ሄዱ። የኮሚቴው ሰብሳቢም ወደ ራሱ በርጫ ሄደ። ተማሪው ሙቀቱን ፈርቶ በየቤቱ ገባ።

ሲሃም ብቻ ቀረች። አየዮ ሻሚስ ግድግዳው መሐል፣ ክፍት ሰማይ ሥር፣ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል። በሐረር መንገድ በኩል ተራራው ላይ ደመናው እየጠቆረ ነው። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት፤ ወቀሳ አልወጣቸውም። ምሳ በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ ብቻ ነው ያሏት። ቢሰድቧት በተሻላት ነበር።

አናጺው የሚቅሙበት ቤት ሁለት መንደር አለፍ ብሎ ነው። የወንዶች በርጫ ደጃፍ ላይ ሴት ልጅ ቆማ ብትታይ እናቷ ፋዱማ ምን እንደምትል ሲሃም ታውቃለች። ሌላም ነገር ታውቃለች፤ አባቷ በሚቅምበት ክፍል ግድግዳ ማዶ እያጠናች ያደገች ልጅ ናትና። ስምንት ሰዓት ላይ ወንዶቹ ዝም ይላሉ። ዘጠኝ ላይ የጫቱ ሞቅታ፣ ምርቃናው፣ ይወጣና በወሬ ባቡሩን ያስነሡታል፣ ባሕሩን ከጅቡቲ ያመጡታል፣ የድሬን ወጣት በሙሉ ሥራ ያስይዙታል። አሥራ አንድ ላይ ሁሉም ይፈርስና ትካዜ ይሆናል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ጠበቀች።

ስትደርስ ፋራህ የሚባለው ሹፌር ከፍራሹ ሳይነሣ በወሬ ለድሬ የሚሠራላትን ሆስፒታል አምስተኛ ፎቅ እየጨረሰ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሰላም አለቻቸው።

«አው ሸረፈዲን፣ የፋራህ ሆስፒታል እስኪያልቅ የአየዮ ሻሚስን አንድ ክፍል ብታለብሱልኝ። ዝናቡ መጣ። እኔ ደግሞ ዛሬ ይገባል ብዬ ምያለሁ።»

ፋራህ ሳቀ። «እዪ አቦ፣ በሰው መዶሻ ይማላል እንዴ?»

«እናንተ በማን መዶሻ ነው አምስት ፎቅ የሠራችሁት?»

አው ሸረፈዲን ጉንጫቸው በጫት እንደ ተወጠረ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ማን ይቀመጣል? ሰባት መርቃኝ ተከትሏቸው ወጣ።

የመረቀነ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ላላየ መንገር ይከብዳል። እያንዳንዱ ሚስማር ላይ ክርክር ነበር። ፋራህ ቆርቆሮውን እያቀበለ ስለ ነፋስ አቅጣጫ አስተማረ፤ ሌላው ማገሩን እየቸነከረ የሕይወቱን ታሪክ ጨረሰ። ሲሃም ሚስማር አቀባይ ሆና መሰላሉ ላይ ዋለች። ሥራው ግን ሄደ። ሲፎከርለት የኖረ ጉልበት አንዴ መሬት ሲነካ እንዲህ ነው። የመጨረሻዋ ቆርቆሮ እንደ ተመታች ዝናቡ ወረደ፤ የሚሸሸጉበት ሌላ የለበሰ ክፍል ስላልነበረ ሁሉም አየዮ ሻሚስ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ።

አሮጊቷ ከጥግ እስከ ጥግ እያዩ ዞሩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። እጃቸውን ዘርግተው በሶማሊኛ ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ወንዶቹ ሁሉ አሚን አሉ። ሲሃም አው ሸረፈዲን ጋ ተጠግታ አላህ ይስጥልኝ፣ ከመሐላዬ አወጣችሁኝ ልትል ስትጀምር እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተይው ልጄ። ሠላሳ ዓመት ፍራሽ ላይ ከተማ ስንገነባ በሉ ተነሡና ጀምሩ ያለን ሰው የለም። አንቺን ነው ማመስገን።»

ዝናቡ በርትቶ አዲሱን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። አየዮ ሻሚስ በወተት የፈላ ሻይ ቀዱ። ከስምንቱ ሽማግሌና ጎልማሳ አልፈው፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሲሃም ሰጧት።