የሰው ጾም የማታስፈታው እትዬ አስካለ

ባለፈው ቅዳሜ አየር ጤና አካባቢ በተከፈተ አዲስ አዳራሽ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ምርቃት ነበር። ገና ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ አንዲት ነጭ ሸሚዝ የለበሰች አስተናጋጅ ትሪ ይዛ አጠገቤ ቆመች። ትሪው ላይ የተጠበሰ ዳቦ ተደርድሯል፤ በየዳቦው ላይ የተከተፈ ቲማቲም። የፈረንጅ ስሙን ነገረችኝ፤ እኔ ግን አልሰማኋትም። ትኩስ ዳቦ ላይ የታሸ ነጭ ሽንኩርት ሸቶኝ ልቤ ከአዳራሹ ወጥቶ የልጅነት ሰፈሬ ቀራንዮ ሄዷል። አንዱን አንስቼ ቀመስኩት። ዳቦው ውሃ ጠጥቶ ተልፈስፍሷል። «አይ ልጄ፣ እትዬ አስካለ ብታይሽ ኖሮ ከነትሪሽ ትመልስሽ ነበር» አልኩ በሆዴ።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ነበረች። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ግቢያችንን ከግቢዋ የሚለየው ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥር ነበር። ከአጥሩ አንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ስለነበር እኛ ልጆች በር አድርገነዋል። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ሻሽ ከራሷ የማይወርድ ሴት ነበረች። ስትሄድ ፈጠን፣ ስትናገር ግን ቆጠብ ትላለች። አየር ጤና ከሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርታለች። ጴንጤ ናት። ጠዋት ጠዋት ያቺን ጥቁር ቴፗን መስኮቷ ላይ አስቀምጣ መዝሙር ትከፍታለች። እማዬ ደግሞ የመድኃኔዓለም ማኅበርተኛ ናትና፣ «አሁንስ ይቺ ሴት ጆሮዬን አደነቆረችው» እያለች ታጉረመርማለች። እዚያው ደግሞ በርበሬ ሲያልቅባት በአጥሩ አንገቷን አስግጋ «አስካልዬ!» ማለቷ አይቀርም። ጉርብትና እንዲህ ነው እንግዲህ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የጾሙ ክፍል የእሷ ነበር። የሚገርመው ይሄ ነው። በጾም ወራት ደንበኛው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት «የጾሙን ዛሬ የሚሠራው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አስካለ» ከተባለ ይቀመጣል፤ ካልተባለ «እንግዲያው ሻይ ይበቃኛል» ይላል። እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቢላ ነበራት፤ ሥጋና ቅቤ ነክቶት አያውቅም። መክተፊያዋም እንዲሁ ለብቻው ነው። ቤቷ ውስጥ እንኳ ለጎረቤት ብላ ሌላ የጾም ቢላና መክተፊያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ አንቺ አትጾሚ፤ ምን አስጨነቀሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቢላውን መጠቅለሏን ሳታቆም «እኔ ባልጾምም የሰው ጾም አላስፈታም፤ አደራ ነው» አለችኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን በእሷ የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በዚያው ዓመት ታላቅ እኅቴን ሙሉን ሊጠይቁ ሽማግሌ መጡ። ልጁ ጌታነህ የሚባል አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ የጎጃም ሰዎች ናቸው። ሙሉ እሱን ካላገባሁ ብላ እህል ልትተው ምንም አልቀራትም ነበር። እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ «እንመካከር» ተብለው ተመለሱ። ሦስተኛው የቁርጥ ቀን ነው። አባዬ ቀኑን ሲወስን ብልጥ ሆነና «ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን፤ እሁድ ይሁን። እንግዳ የሚከበረው በዶሮ ነው» አለ። ወሩ ጥቅምት ነበር። እማዬ ሁለት ዶሮ አሠራች፤ አይብ አወጣች፤ ቅቤ ያልነካው ድስት ቤታችን ውስጥ አልቀረም ብል ማጋነን አይሆንም።

ዋዜማው ላይ እማዬ በአጥሩ በኩል እትዬ አስካለን ጠራቻት። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«አስካለ፣ አደራሽን ነገ ቴፑን ተይልኝ። ጥብቅ ሰዎች ናቸው አሉ። አንቺም... ወዲህ ወዲያ ባትዪ።»

እትዬ አስካለ «እሺ እትዬ ዘነቡ፣ ይቅናችሁ» ብላ ገባች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለሥራ ተጠርቷል፤ ያልተጠራችው እሷ ብቻ ናት። በእናቴ አፈርኩ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ከቅዳሴ መልስ ገቡ። ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጄ ልጃችሁ ናት» ሲል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ተቀመጡ። የእጅ ውሃ ዞረ። እማዬ ቡፌው ላይ የከረመውን ያን የአበባ ሳህን አቅርባ፣ የዶሮውን ድስት ራሷ ይዛ ገባችና ክዳኑን ከፈተችው። በዕድሜ ትልቁ አቶ ውበቱ የሚባሉት ነበሩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ «ወይዘሮ ዘነቡ፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ ግን ጽጌን ይዘናል» አሉ።

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። እኛ ቤት የሚይዘው ስለሌለ ትዝ ያለው ሰው የለም። አባዬ ረቡዕና ዓርብን ሲሸሽ ወሩን በሙሉ ረስቶታል! እማዬ ድስቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አይቸገሩ፣ ውሃ ይበቃናል። ዘነበወርቅ ለቅሶ ቤት ስላለብንም ብዙ አንቆይም» አሉ አቶ ውበቱ።

ውሃ! ቃል በተሰጠበት ቤት፣ ሽማግሌ እህል ሳይቀምስ ሊወጣ! እማዬ ማድ ቤት ገብታ በርጩማ ላይ ተዘፈዘፈች። «ልጄን ያለ እህል ልሸኛት ነው? ነገ አንድ ክፉ ነገር ቢገጥማት ከዚህ ነው የሚባለው» አለች። አንዷ ጎረቤት ሽሮ ጣል እናድርግ አለች። በየትኛው ድስት? ሁሉም ቅቤ ነክቶታል። ጓዳ የተቀመጠችው ሙሉ ሁሉንም ሰምታ በነጠላዋ አፏን አፍና ታለቅሳለች። እኔ ማንንም ሳላስፈቅድ በተገነጠለው ቆርቆሮ ሾለክሁ።

እትዬ አስካለ አልጋዋ ጫፍ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር፤ ቴፑ ዝም ብሏል። የሆነውን ነገርኳት።

«እናትሽ ልካሽ ነው?»

«አይደለም» አልኩ።

አየችኝ። «እንግዲያው ለሙሉ ስል ነው» ብላ ተነሣች። «ስንት ናቸው?»

እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ያደረ ፉርኖ ዳቦ ነበራት፤ «ለዚህ የሚሆነው ያደረው ነው፣ ትኩሱ ይልፈሰፈስብሻል» አለችኝ። ቢላዋን ከነመክተፊያው አወጣች። ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ትሪ ከአልጋ ሥር ሳበች። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ የዘይት ጠርሙስ፣ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ካበቀለችው በሶብላ ሁለት ዘለላ። የከሰል ማንደጃዋን ራሷ ተሸከመች፤ ሌላውን እኔ ያዝኩና በዚያው ቀዳዳ ገባን።

እማዬ ስታያት ከበርጩማው ተነሣች። በርጩማውን አቀረበችላት። እትዬ አስካለም የቤታችንን ዕቃ በእጇ አልነካችም። ቲማቲሙን ለሁለት እየከፈለች ፍሬውንና ውሃውን ጨመቀችው፤ ሥጋውን ብቻ ደቀቅ አድርጋ ከተፈችና ጨው ነስንሳ እንደገና አጠለለችው። ዘይትና በሶብላ ጨመረችበት። ዳቦውን ስስ ስስ አድርጋ ቆርጣ፣ ከሰሉ ላይ ባጋለችው ሽቦ ጠበሰችው፤ እንደ ጋለም ነጭ ሽንኩርት አሸችበት። ሽታው ማድ ቤቱን ሞላው። አንዷ ጎረቤት ቲማቲሙን ቶሎ ልትደርብበት እጇን ስትዘረጋ፣ እትዬ አስካለ እጇን መታ አደረገቻት። «ቆይ! እነዚህ ሁለቱ ቀድመው ከተገናኙ ይጣላሉ። እንግዳው እጁን ሲታጠብ ነው የሚደረበው።»

እንግዶቹ እጃቸውን በድጋሚ ታጠቡ፤ ትሪው ገባ። ቀይና አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ዳቦ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። አቶ ውበቱ አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ሽታውስ ደግ ነው። ቅር አይበልዎትና ወይዘሮ ዘነቡ፣ ቤቱ የፍስክ ድግስ ነው። ይሄ ቅባት እንዳልነካው በምን እናውቃለን? የማን እጅ ነው?»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አባዬ ወለሉን ያያል። እማዬ «የእኔ ነው» ብትል ማን ይጠይቃታል? አንድ ቃል ነበር የሚበቃት፤ ሙሉም ትዳርበት ነበር። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የጎረቤቴ የአስካለ እጅ ነው» አለች። «ጴንጤ ናት፤ አትጾምም። በጾም ነገር ግን ከራሴ ይልቅ እሷን አምናለሁ። ይኸው ጾማችሁን እኔ የመድኃኔዓለሟ ረሳሁት፤ ከቤቴ የከለከልኳት እሷ ጠበቀችላችሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎኑ የተቀመጠውን ተመለከተ። አቶ ውበቱ ዳቦውን እንደያዙ «የት ናት?» አሉ።

«ማድ ቤት።»

«ትምጣ።»

እትዬ አስካለ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባችና በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ቆመች። አቶ ውበቱ ከትሪው አንድ ዳቦ አንስተው ዘረጉላት። «እጅሽ ነውና ቅመሽልን።» ተቀብላ ቆረሰች፤ ዳቦው ቀጭ ሲል እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ዋጠች። ያን ጊዜ እሳቸውም ጎረሱ፤ ደገሙ። ሌሎቹም ተከተሉ። «የሰውን ጾም ያከበርሽ እግዚአብሔር ያክብርሽ» ብለው ሲመርቋት፣ እሷ እንደ ጴንጤ ልማድ ጮክ ብላ «አሜን! አሜን!» አለች። አቶ ውበቱ ሳቅ አሉ። ፉርኖው እስኪያልቅ ድረስ እየጠበሰች ላከች። ለቅሶ ቤቱ ሳይቆጣ አይቀርም፤ እነ አቶ ውበቱ በጣም ቆይተው ነው የወጡት።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ «አስካለ፣ ምነው መዝሙሩን ዛሬ ረሳሽው?» አለቻት። ይቅርታዋ ይኸው ነበር፤ እትዬ አስካለም ገብቷታል። ጥር ላይ ሙሉ ስትዳር የማድ ቤቱን ቁልፍ የያዘችው እትዬ አስካለ ነበረች።

እትዬ አስካለ ያረፈችው ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ የሙሉ ልጆች ትልልቅ ከሆኑ በኋላ ነው። ቀብሯ ላይ እማዬ ጥቁር ለብሳ፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ከሚዘምሩት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች መሐል አልፋ ፊት ድረስ ሄደች። ተራ የምታስይዝ አንዲት ወጣት በአክብሮት «እናቴ፣ ይሄ የዘመድ ቦታ ነው። እርስዎ ምኗ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ልጄን የዳረችልኝ ናት» አለቻት እማዬ።

ልጅቷ ወንበር አምጥታ ከእትዬ አስካለ እኅቶች ተርታ አስቀመጠቻት።