ፀሐይ ላይ የዋለው አኩሪ አተር

በመንደራችን ዘር የምመርጠው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ከጨፋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ የሚያርሱ ጎረቤቶቼ፣ ማሽላም ይሁን ማሾ ለዘር ከማስቀረታቸው በፊት በሰፌድ ይዘው እኔ ቤት ይመጣሉ። አንድ እፍኝ አነሣለሁ፣ በጥፍሬ ጫን፣ በጥርሴ ከርከም አደርጋለሁ፣ "ይሄ ይቅር፣ ያኛው ይሁን" እላለሁ። ማንም አይከራከረኝም።

ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት አማቴ ነበሩ። ዐይናቸው እየደከመ ሲመጣ ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። እሳቸው አንድም ቀን "ከእንግዲህ እሷ ትምረጥ" አላሉም። እኔም "ልምረጥ ወይ?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በአንድ ግቢ፣ የእሳቸው ቤት ከወዲያ የእኔ ከወዲህ ሆኖ፣ ሃያ ዓመት ስንኖር ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ደግ ሴት ናቸው፤ እኔ ግን ኩራቴ አይለቀኝም።

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል የልማት ሠራተኛዋ ሰበሰበችን። ከከሚሴ በሞተር ብስክሌት የምትመጣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። "አከም ቡልተን?" ብላ ሽማግሌዎቹን በኦሮምኛ በወጉ ሰላም አለችና ሦስት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሁለቱ አዲስ የበቆሎ ዘር፣ አንዱ አኩሪ አተር ነው። አንደኛው በቆሎ ረጅም ነው፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲሳካለት ግን ብዙ ይሰጣል። ሁለተኛው አጠር ያለ፣ ቶሎ የሚደርስ ነው። ወንዶቹ ከረጅሙ በቆሎ ከረጢት ሥዕል ላይ ዐይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

"ዝናቡ ቀድሞ ቢቆምብን የትኛው ፍሬ ይዞ ይገኛል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አጭሩ።"

"በቃ፣ የእኔ አጭሩ ነው።"

አንዱ ሽማግሌ ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ልጅቷ ዲቃላ ስለሆነ በሁለተኛው ዓመት እንደሚዘበራረቅ፣ በየዓመቱ መግዛት እንደሚያስፈልግ ስትነግራቸው ማጉረምረም ተጀመረ። ትዕግሥት የለኝም፤ ተነሣሁ። "በቅሎ አትወልድም ብሎ በቅሎ የጠላ ሰው ከእናንተ መካከል አለ?" አልኳቸው። ሳቁ። ብዙዎቹም አጭሩን ወሰዱ።

አኩሪ አተሩ ግን ፈላጊ አጣ። "ማሾ እያለልን ይሄን ምን እናደርገዋለን?" ተባለ። ልጅቷ አልሰለቸችም። ይህኛው ዲቃላ እንዳልሆነ፣ ዘሩን ማስቀረት እንደሚቻል፣ መሬቱንም እንደሚያለማ አስረዳች። አብሮት የሚመጣ ጥቁር ዱቄትም አሳየችን። ዱቄቱ ውስጥ በዐይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው ነገር አለ አለች። በስኳር ውሃ ከዘሩ ጋር ሲታሽ ሥሩ ላይ ይሰፍርና ከአየር ላይ ማዳበሪያ ያመጣለታል። "ጥላ ውስጥ እሹት፤ ወዲያው ዝሩት" አለች፤ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ሁለቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ።

አሁንም ማንም ሳይወስደው ሲቀር አላስቻለኝም። "እኔ እዘራዋለሁ፤ ከእኔ ጋር የምትዘሩ ሴቶች እጃችሁን አውጡ" አልኩ። "ካልሆነ ከእንግዲህ ሰፌድ ይዛችሁ ደጄን እንዳትረግጡ!" ስድስት ሴቶች እጃቸውን አወጡ። እነዚያ ስድስት እጆች ስሜን አምነው የወጡ ናቸው። ማታ አማቴ ይህን ሲሰሙ "ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ ምነው በማታውቂው ዘር ማልሽ?" አሉኝ። ፊቴን አዙሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለወጉ ያህል ግን አንድ ጣሳ አኩሪ አተርና ትንሽ ዱቄት በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው፤ ልጅቷ ያለችውንም ነገርኳቸው። ዱቄቱን አሽትተው "ከሰል ነው እንዴ የሰጠሽኝ?" አሉ።

በእኛ ዘንድ ዘር መሬት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ፣ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ዱዓ ይደረግበታል። ፀሐዩ ነቀዙንና እርጥበቱን ያወጣለታል፤ ዱዓው በረካውን ያመጣለታል። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ሌላ መንገድ አለ ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም። የአኩሪ አተሩ ዕለት ሰባታችን በጠዋት ግቢዬ ተሰበሰብን። ዘሩን ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ልክ እንደተባልነው፣ በስኳር ውሃና በዱቄቱ አሸነው። ከዚያ እንደ ልማዳችን ወደ ሰሌኑ አውጥተን አሰጣነው። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ አንዳችንም አልጠረጠርንም።

ዱዓ የሚያደርጉልን ሼህ ለቅሶ ደርሰው ሲመጡ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል። የጨፋ ፀሐይ በክረምትም ቢሆን ደመናው ሲገለጥ ቀልድ አያውቅም። ሼሁም አልቸኮሉም። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ዐረብ አገር ላሉ ልጆቻችን፣ ለሰላሙ ዱዓ አደረጉ። እኛም ከልባችን "አሚን" አልን። አማቴ ጉልበታቸውን አሟቸው ከቤት አልወጡም ነበር። "ከዚሁ ሆኜ አሚን እላለሁ" ብለው ልከውልን ነበር።

በቆሎው አላሳፈረኝም። ዝናቡ እንደፈራሁት ቀድሞ ሲሄድ የእኔ አጭር በቆሎ ፍሬውን ቋጥሮ ጨርሷል፤ ረጅሙን የዘሩት ሰማይ ሰማይ ያያሉ። በዚህ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግን አኩሪ አተሩ አሳበደኝ። በቅሏል፣ አድጓልም፤ ነገር ግን ቢጫ ሆነ። የሰባታችንም ማሳ ቢጫ ነው። አንድ ቀን ከስድስቱ አንዷ ሰፌድ በብብቷ ይዛ በደጄ አለፈች። ቆሜ አየኋት። ወደ ሌላ ሴት ቤት ገባች። ያን ቀን ከማሳዬ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

የልማት ሠራተኛዋ መጥታ አንድ ተክል ነቀለች። ሥሩ ባዶ ነው። "ዱቄቱ ካልሞተ በቀር እዚህ ጋ እባጭ መኖር ነበረበት" አለችኝ። "ዘሩ ፀሐይ አይቶ ነበር?"

"የለም" ልል አፌ ተከፈተ። ወላሂ፣ ልዋሽ ነበር። በዚያ ቅጽበት ግን ዐይኔ ከአማቴ ቤት ጀርባ ባለችው ጓሮ ላይ ዐረፈ። የእሳቸው አንድ መስመር አኩሪ አተር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠርግጓል። ሄደን አንዱን ነቀልነው። ሥሩ ላይ ማሾ የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረዋል።

"እማማ፣ እርስዎ እንዴት አድርገው ዘሩት?" አለቻቸው ልጅቷ።

"እሷ እንደነገረችኝ ነዋ" አሉ አማቴ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። "ጥላ ውስጥ እሹት አለች፤ እቤቴ ውስጥ አሸሁት። ወዲያው ዝሩት አለች፤ ወዲያው ዘራሁት።"

እኔ የተናገርኩትን እኔ አልሰማሁትም፤ የሰሙኝ እሳቸው ናቸው። ዘር መምረጡን ስለወሰድኩባቸው ቅር ብሏቸዋል እያልኩ የምሸሻቸው ሴት ቃሌን አንዷንም ሳይጥሉ ይዘውታል። አፈርኩ።

በማግሥቱ ስድስቱን ሴቶች ጠርቼ እዚያች ጓሮ ላይ አቆምኳቸው። "ዘሩ ጥሩ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁባችሁ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ታዲያ ዱዓው ነው የገደለው?" አለች አንዷ።

"አስተግፊሩላህ! ዱዓው ምን አደረገ? ቅደም ተከተሉን ያሳትኩት እኔ ነኝ።" ነገሩን ለሼሁም ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና "ዱዓው ለደረቁም ዘር ይደርሳል፤ እኔ አስቀድሜ ልምጣ፣ እናንተ በኋላ እሹት" አሉኝ። ዘንድሮ እንዲሁ እናደርጋለን፤ ኢንሻአላህ ይሆናል። በቆሎውንም ደግሜ አጭሩን እገዛለሁ። በዚህ ጥርጥር የለኝም።

የአኩሪ አተር ዘር ግን ለዘንድሮ የሚሆን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከእኛ ማሳ የወጣው ጭምትርትር ያለ ነው። ትናንት ሰፌድ ይዤ ግቢውን ተሻገርኩና አማቴ ደጃፍ ቆምኩ። "እማ፣ ዘር ይምረጡልኝ" አልኩ።

ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ይህን ይዘሽ እስክትመጪ ሃያ ዓመት ፈጀብሽ" አሉኝ። ከዚያ ከጓሯቸው የለቀሙትን አፈሰሱበትና ዐይናቸውን ጨፍነው ፍሬውን በጣታቸው ይለዩት ጀመር። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ይሄ ይቅር" ይላሉ፤ እኔ እጥላለሁ። "ያኛው ይሁን" ይላሉ፤ እኔ አስቀምጣለሁ። ፀሐይዋ ወደ በሩ ስትጠጋ ሳይነግሩኝ ሰፌዱን ወደ ጥላው ሳብኩት።